የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ከአስፋልቱ ማዶ ያለው ቡና

የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2023 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው ሕግ ቡናው ከተመነጠረ ደን አለመምጣቱ በማሳው መገኛ ነጥብ ይረጋገጥ ብሏል። እናም በጌዴኦ ስለሚበቅለው የይርጋጨፌ ቡና በማስረጃ መናገር ግድ ሆኗል፤ ይህ እትም የሚለኩት ማሳዎች እንዴት ይመረጡ ይላል።

ከዲላ ይርጋጨፌ በሚወስደው አስፋልት ዳር ያሉትን ብቻ የለካ ሰው፣ ተዳፋቱ ላይ ከእንሰትና ከትልልቅ ዛፎች ሥር የበቀለውን ቡና ሳያየው ይመለሳል። ለዚህ ችግር በነፃ የሚገኘው «አር» የተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም «ኤስፒሰርቬይ» የሚሉት ጥቅል አለው። የሚለኩትን ነጥቦች የሚያወጣው በዕጣ ነው፤ ግን አንድ ጥግ እንዳይከመሩ በካርታው ላይ ይበትናቸዋል። ዘዴውን ስቲቨንስና ኦልሰን በ2004 እ.ኤ.አ. አሳትመውታል። «ነጥቡ ገደል ላይ ቢያርፍስ? ባለማሳው አላስገባም ቢልስ?» የሚል አይጠፋም፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ምትክ ነጥቦች አስቀድመው በተራ ስለሚወጡ መረጃ ሰብሳቢው ለእግሩ የቀለለውን አይመርጥም። (እምቢታው ከበዛ ግን ፕሮግራም አያድንም፤ ያ የሽማግሌ ሥራ ነው።) የጎረቤት ማሳዎች መመሳሰልም ስሌቱ ውስጥ ይገባል። መስክ የምትወጡ ከካርታ ዝግጅት እስከ ትንተና ያለውን ሂደት በቀጣዮቹ ገጾች ታገኛላችሁ፤ ሪፖርት የምትቀበሉ ደግሞ ከውጤቱ በፊት የነጥቦቹን ካርታ ጠይቁ።