ዝናብ እስከ መቼ ምክንያት ይሆናል?

ክረምት በመጣ ቁጥር አብሮት የሚመጣ አንድ መልስ አለ፤ «ሲስተም የለም» የሚባለው። በባንክ መስኮትም፣ በነዳጅ ማደያም፣ በመድኃኒት ቤትም ይኸው ነው። «ለምን?» ብሎ የጠየቀ ካለ ወደ ሰማይ ይጠቆምለታል። ዝናብ ነዋ! ጠያቂውም ዝም ይላል። ከሰማይ ጋር ማን ይሟገታል?

ሕግ የተማረ ሰው ግን እዚህ ላይ ዝም ማለት ይከብደዋል። እኔም ከብዶኛል፤ በተለይ ኔትወርክ የት እና መቼ እንደሚቋረጥ ቀድሞ መገመት እየተቻለ ባለበት በዚህ ጊዜ።

በቅድሚያ ዝናቡ ምን እንደሚያደርግ እንመልከት። ከእጅ ስልካችን የወጣው መልእክት ቅርብ ወዳለው ማማ ይደርሳል። ከዚያ ወደ ዋናው ኔትወርክ የሚሻገረው ፋይበር በተዘረጋበት በፋይበር ነው፤ በሌለበት ደግሞ ማማ ላይ ተሰቅለው ፊት ለፊት በሚተያዩ የማይክሮዌቭ ሳህኖች። የሬዲዮ ሞገዱ ከ10 ጊጋኸርዝ ገደማ በላይ ሲሆን የዝናብ ጠብታ ይውጠዋል፣ ይበትነዋልም። ፍሪኩዌንሲው ከፍ ባለ፣ ዝናቡም በበረታ ቁጥር ጉዳቱ ይከፋል። የመብራት መጥፋትና መብረቅ ሲጨመሩበት ደግሞ የባሰ ይሆናል።

መሐንዲሶች ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የዝናብን ጉዳት ማስሊያ ቀመር ካወጣ ቆይቷል። ነገር ግን ቀመሩ አንድ መስመር በዓመት ውስጥ ለምን ያህል ጊዜ ሊቋረጥ እንደሚችል ይነግረናል እንጂ፣ ነገ የትኛው መስመር እንደሚቋረጥ አይነግረንም።

ማሽን ለርኒንግ የሚባለው ዘዴ የገባው በዚህ ክፍተት ነው። ኅብረቱ በ2020ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ለአምስተኛው ትውልድ ኔትወርክ ባዘጋጀው የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ውድድር ላይ፣ የቱርኩ ኦፕሬተር ቱርክሴል የራሱን መረጃ ለተወዳዳሪዎች አቅርቦ ነበር፤ የየመስመሩን የዕለት አፈጻጸም፣ የብልሽት መዝገብና የአየር ጠባይ ትንበያ። ጥያቄው አጭር ነው። ይህ መስመር ነገ ይበላሻል? በሚቀጥሉት አምስት ቀናትስ? ኮምፒዩተሩ ያለፈውን መዝገብ እያገላበጠ ከብልሽት በፊት ምን ይታይ እንደነበር ይማራል፤ ከዚያ ስለሚመጣው ይገምታል።

ሥራው ቀላል አይደለም። የአየር ጠባይ ጣቢያውና ማማው አንድ ቦታ አይደሉም። ብልሽት ራሱም ብርቅ ነው። አንድ መስመር ከ1,000 ቀናት ውስጥ በ5ቱ ብቻ ይበላሻል እንበል። በየቀኑ «አይበላሽም» የሚል ጅል ፕሮግራም 99.5 በመቶ ትክክል ይሆናል፤ አንድም ብልሽት ግን አልያዘም። ስለዚህ ማንም «የእኛ ሲስተም 99 በመቶ ትክክል ነው» ቢለን፣ ከ5ቱ ስንቱን ያዘ? ስንት ጊዜስ በሐሰት ደወለ? ብለን እንጠይቅ።

አሁን ወደ ሕጉ ልለፍ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1791 መሠረት፣ ግዴታውን ያልፈጸመ ተዋዋይ ከኃላፊነት የሚድነው ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል እንደከለከለው ሲያስረዳ ነው። ቁጥር 1792 መመዘኛውን ያስቀምጣል፤ ነገሩ በተለምዶ ሊገመት የማይችል፣ አፈጻጸሙንም ፈጽሞ የሚከለክል መሆን አለበት። ወጪ ማብዛቱ ብቻ አይበቃም። በቁጥር 1793 የተዘረዘሩት መብረቅና ጎርፍ እንኳ ምክንያት የሚሆኑት እንደ ነገሩ ሁኔታ ነው።

የሐምሌ ዝናብ ድሮም ያልታሰበ አልነበረም። ኦፕሬተር የነበረው መከራከሪያ «መዝነቡንስ አውቃለሁ፤ የትኛው መስመር መቼ እንደሚወድቅ ግን ማወቅ አልችልም» የሚል ነው። እየሳሳ ያለው ይኸው መከራከሪያ ነው። ቀድሞ የተጠረጠረ ማማ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ይሞላለታል፣ ቴክኒሻን በቅርብ ይጠብቀዋል፣ አማራጭ መስመር ካለ ጭነቱ ወደዚያ ይዞራል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

አንድ አደጋ ግን አለ። ትንበያ ያለው ኦፕሬተር «አውቀህ ነበር» ተብሎ የሚጠየቅ፣ የሌለው ግን «አላወቅሁም» ብሎ የሚያመልጥ ከሆነ አለማወቅ ትርፍ ይሆናል። በእኔ አስተያየት ሕጉ ለዚህ በር አይከፍትም። የሚመዝነው ተዋዋዩ ያወቀውን ሳይሆን በተለምዶ ሊያውቅ ይችል የነበረውን ነው። መሣሪያው በሙያው የተለመደ በሆነ ጊዜ፣ አለመጠቀም ራሱ ሰበቡን ያሳጣል። እርግጥ ነው፣ ትንበያ ትንቢት አይደለም፤ ማንም ያልጠበቀው ወጀብ ነገም ምክንያት ሆኖ ይቀጥላል።

ነገሩን አጥብቄ የያዝኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ቴሌብር በ2013፣ ኤምፔሳ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. በአገራችን ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ኔትወርክ የሚሸከመው ወሬ ብቻ ሳይሆን ገንዘብም ነው። መስመር ሲቋረጥ የታማሚ መድኃኒት፣ የነጋዴ የዕለት ሽያጭ አብሮ ይቆማል።

በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እያንዳንዱ መቋረጥ በማማ፣ በሰዓትና በምክንያት ተለይቶ እንዲመዘገብ ማስገደድ፣ መዝገቡንም ለተመራማሪዎች መክፈት ይኖርበታል። ያለ መዝገብ ኮምፒዩተርም አይማርም፣ ዳኛም አይፈርድም። ጥቅሙ ደግሞ የሁለት ወገን ነው። የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲዋ ሐጊት ሜሰርና ባልደረቦቿ በ2006 (እ.ኤ.አ.) «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ እንዳሳዩት፣ በማማዎች መካከል የሚደክመው ሞገድ የዘነበውን ዝናብ መጠን ይናገራል። በቡርኪና ፋሶም ተሞክሯል። የዝናብ መለኪያ በሌለበት አካባቢ ማማው ራሱ መለኪያ ይሆናል ማለት ነው፤ የእኛው ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትም ሊጠቀምበት ይችላል።

ሰማይን መክሰስ አይቻልም። ማስጠንቀቂያ ደርሶት የተኛን ግን ይቻላል።