ከመስኮቱ ወዲያ ምን ይታያል?

ክረምቱ ሊወጣ ነው። ልጆች ትምህርት ቤት እስኪከፈት ቤት ውስጥ ናቸው፤ ዝናቡም ገና እንደ ልብ ውጭ አያስወጣም። የዚህ ወር የእጅ ሥራችን ለእነዚህ ቀናት የሚሆን ነው፦ ባለ መስኮት የእንቁጣጣሽ ካርድ። ፊቱ ላይ መስኮት የተቆረጠለት፣ በመስኮቱ ውስጥ ደግሞ ተራራ፣ መስክ ወይም ሰፈር የሚታይበት ካርድ ማለት ነው። ጥቂት ወረቀት፣ መቀስ፣ ማስመሪያና አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል።

እንቁጣጣሽ ድሮም ያለ ሥዕል አይደምቅም። ሴቶች ልጆች አበባየሆሽ ሲጨፍሩ፣ ወንዶቹ ደግሞ በውሃ ቀለም የሳሉትን አበባና መልአክ ይዘው በየጎረቤቱ እየዞሩ ያድላሉ፤ ከትልልቆቹም ሳንቲምና ምርቃት ይቀበላሉ። ዛሬ ብዙ ልጅ የታተመ ሥዕል ገዝቶ ይዞራል። ትልቁም ሰው ቢሆን ከሌላ የተላከለትን የአበባ ምስል በስልኩ ለመቶ ሰው ያስተላልፋል። ክፋት የለውም፤ የዘነጋነው ወዳጅ እንኳ በዚህ ሰበብ ይታወሳል። ነገር ግን ለመቶ ሰው የተላከ ምስል ለአንዳቸውም ተብሎ የተሠራ አይደለም።

የታተመ የገና ካርድ ራሱ የተፈጠረው ጊዜ በማጣት ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ በ1840 የደብዳቤ መላኪያ ዋጋ ወደ አንድ ፔኒ ሲወርድ ሰው ሁሉ ይጻጻፍ ጀመር። ሄንሪ ኮል የተባለ የመንግሥት ሠራተኛ ለገና የሚደርሰውን ደብዳቤ ሁሉ መመለስ ቢያቅተው፣ በ1843 ጆን ካልኮት ሆርስሊ የተባለ ሠዓሊ ካርድ እንዲሥልለት አደረገ። አንድ ሺህ ያህል ታተመ፤ ለሽያጭ የወጣውም አንዱ በአንድ ሺሊንግ ይሸጥ ነበር። ሥዕሉ ለሦስት የተከፈለ ነው፦ መካከል ላይ ቤተሰብ በማዕድ ዙሪያ፣ ግራና ቀኝ ደግሞ የተራበ ሲበላና የታረዘ ሲለብስ ይታያል። ዙሪያውን የወይን ሐረግ ስለከበበው በሦስት መስኮት ወደ ውስጥ የምንመለከት ያስመስለዋል። እንግዲህ የታተመው ካርድ የመጣው ጊዜ ለመቆጠብ ከሆነ፣ በእጅ የሚሠራው ደግሞ ጊዜን ለአንድ ሰው ለመስጠት ነው።

ከመቀሱ በፊት፦ ለማን?

ብዙ ጊዜ ካርድ ስንሠራ የምንጀምረው «ምን ልሣል?» ብለን ነው። በመስኮት ካርድ ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው «ለማን ነው?» የሚለው ነው። ከዚያ ይቀጥላል፦ «ያ ሰው በመስኮት ቢመለከት ምን ማየት ይወዳል?»

ባለፈው ጳጉሜን በጎረቤቴ ቤት ያየሁትን ላውጋችሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ለአያቷ ካርድ ትሠራለች። አያቷ ከደብረ ብርሃን አካባቢ ለሕክምና መጥተው በዚያው ከልጃቸው ጋር የቀሩ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ እናት ናቸው። ልጅቷ ከስልክ አይታ የባሕር ዳርቻና ዘንባባ ሠራች፤ ንጹሕ ሥራ ነበር። አያትየው ተቀብለው «እሰይ የኔ ልጅ፣ እደጊልኝ» ብለው መረቁና ከጎናቸው አስቀመጡት።

በማግስቱ እናቷ «እስቲ እማማን አገር ቤት ሳሉ ከቤታቸው ምን ይታያቸው እንደነበር ጠይቂያቸው» አለቻት። ልጅቷ ጠየቀች። የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ካብ፣ ባሕር ዛፍ፣ ከዛፉ በላይ የቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ። ያንኑ ሠርታ ስትሰጣቸው አያትየው ከምርቃቱ በፊት መነጽራቸውን አስመጡ። ከዚያም «ካቡ እኮ በዚህ በኩል ነው፤ ባሕር ዛፎቹም ሦስት ናቸው። አንዱን አያትሽ ነው የተከለው፣ አባትሽ በተወለደ ዓመት» አሏት። ልጅቷ ስለ አያቷ እንዲህ ሲወራ ሰምታ አታውቅም። ማታ አባትየው ከሥራ ሲገባ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሦስተኛውን ዛፍ ሲለጥፉ አገኛቸው።

የመጀመሪያው ካርድ በአሠራር ከሁለተኛው ይበልጥ ነበር። ሁለተኛው ግን የእማማ ነበር።

የሚያስፈልጉን

አንድ ኤ4 መጠን ያለው ወፈር ያለ ወረቀት (ከ200 እስከ 250 ግራም የሚባለው ጥሩ ነው)፣ ባለ ቀለም ወረቀቶች ወይም ውሃ ቀለም፣ ማስመሪያ፣ እርሳስ፣ መቀስ፣ ስለታም የወረቀት መቁረጫ፣ ባዶ የጥርስ ሳሙና ወይም የብስኩት ካርቶን፣ ሙጫ። እንደ ሊፕስቲክ ተጠምዝዞ የሚወጣው ደረቅ ሙጫ ይመረጣል፤ ፈሳሹ ወረቀት ያኮማትራል። ባለ ቀለም ወረቀት ከሌለ አሮጌ መጽሔት ይበቃል፤ የማስታወቂያ ገጾች ጥሩ ሰማይና ጥሩ ሣር ይወጣቸዋል።

አሠራሩ ደረጃ በደረጃ

አንደኛ፦ ወረቀቱን ረጅሙ ጎኑ እኩል ለሁለት እንዲከፈል አጥፉት። እጥፋቱን በማንኪያ ጀርባ ተጫኑት። ቁመቱ 21፣ ስፋቱ 15 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ካርድ ታገኛላችሁ።

ሁለተኛ፦ ካርዱን ዘርግታችሁ ውስጡን ወደ ላይ አድርጉ። በግራ ያለው ግማሽ የፊቱ ሽፋን ጀርባ ነው። የእርሳሱ መስመር ከውጭ እንዳይታይ ልኩን እዚያ ላይ አውጡ፦ ከላይ 3 ሴንቲ ሜትር ትታችሁ፣ ከግራና ከቀኝ እኩል ተለክቶ፣ ስፋቱ 9 ቁመቱ 11 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን። በመካከሉ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው መስቀለኛ አስምሩ። እያንዳንዳቸው 4.25 በ5.25 ሴንቲ ሜትር የሆኑ አራት መስታወቶች ይወጣሉ። ከታች የሚተርፈው 7 ሴንቲ ሜትር ለጽሑፍ ይሆናል።

ሦስተኛ፦ ከሥር ወፍራም ካርቶን አንጥፋችሁ አራቱን መስታወቶች በመቁረጫው አውጡ። ይህን ትልቅ ሰው ይሥራው። ስለቱን የብረት ማስመሪያ አስደግፎ ቀስ ብሎ ሁለት ሦስት ጊዜ መመላለስ፣ በአንድ ጊዜ ተጭኖ ከመቁረጥ የበለጠ ንጹሕ ጠርዝ ይሰጣል።

አራተኛ፦ ለሥዕሉ 11 በ13 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሌላ ወረቀት ቁረጡ። ከመስኮቱ በየአቅጣጫው አንድ ሴንቲ ሜትር ስለሚሰፋ ጠርዙ ይደበቃል።

አምስተኛ፦ ሥዕሉ ሲያልቅ፣ ከጥርስ ሳሙናው ካርቶን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ቁራጮች አውጥታችሁ ከሽፋኑ ጀርባ በመስኮቱ ዙሪያ ለጥፉ። ሁለት ሦስት ድርብ ብታደርጉት ይሻላል። ሥዕሉን በእነዚህ ላይ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙራችሁ ለጥፉ። ያቺ ትንሽ ክፍተት ናት ሥዕሉን ከመስኮቱ ወዲያ የራቀ የምታስመስለው። በመጨረሻ ጀርባውን 13 በ15 በሆነ ንጹሕ ወረቀት ሸፍኑት።

ለትንንሾቹ ቀለል ያለ መንገድ አለ። መስኮቱን ብቻ ቆርጣችሁ ስጧቸውና ሥዕሉን በቀኝ በኩል ባለው የውስጥ ገጽ ላይ ይሣሉ። ካርዱ ሲዘጋ በመስኮት ትንሽ ይታያል፤ ሲከፈት አገሩ ሁሉ ይዘረጋል።

«እኔ ሥዕል አልችልም» ለምትሉ

ይህ ካርድ የተሠራው ለእናንተ ነው። ሥራውን የሚሠራው የእጅ ጥበብ ሳይሆን ድርብርቡ ነው። እውነተኛውን ተራራ አስተውሉ፦ የቅርቡ ጥቁር አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ያለው ሰማያዊ የሚመስል፣ የመጨረሻው ደግሞ ከሰማይ የማይለይ ግራጫ ነው። በመካከል ያለው አየር ብርሃኑን ስለሚበትነው ነው። ስለዚህ ሦስት ወረቀት ከፈዛዛ ወደ ደማቅ አዘጋጁ። በመቀስ ሳይሆን በእጅ ቅደዱት፤ የተቀደደ ወረቀት ጠርዙ እንደ ተራራ ጫፍ ይሆናል። ፈዛዛውን ከላይ፣ ደማቁን ከታች እየደራረባችሁ ለጥፉ።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ምድርና ሰማይ የሚገናኙበት መስመር መካከል ላይ አይሁን፤ መስቀለኛው ይሸፍነዋል። ከመስኮቱ ሥር 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ቢል ሰማዩ ይሰፋል። ዋናው ነገር፣ ማለትም ቤቱ ወይም ዛፉ፣ ከአራቱ መስታወቶች በአንዱ ውስጥ ይግባ እንጂ ከመስቀለኛው ጀርባ አይቁም።

ለአደይ አበባ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ቢጫ ቀለም ነክሮ ነጠብጣብ ማድረግ ነው። ከፊት ለፊት ተለቅ ያለ፣ ወደ ኋላ እያነሰ የሚሄድ ይሁን፤ መስኩ ወዲያው ይርቃል።

የማን አገር መስኮት?

ፍሬሙም ይናገራል። ጎንደሬ ለሆነ ዘመድ የመስኮቱን አናት ክብ አድርጉለት፤ የፋሲል ግንብ መስኮቶች አናታቸው ቅስት ነው፣ ዙሪያቸውም ቀላ ባለ ድንጋይ የተከበበ ነው። ለትግራይ ወይም ለላስታ ሰው አራት ማዕዘን መስኮት ሠርታችሁ በአራቱ ማዕዘን ወጣ ያሉ የእንጨት ጫፎች ለጥፉ፤ የአክሱም ዘመን አሠራር ነው፣ በላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትም በድንጋይ ተቀርጾ ይታያል። ለአዲስ አበባ ልጅ የኮንዶሚኒየም የብረት ፍርግርግ፣ ከወዲያ እንጦጦ።

መስኮቱን ሰው የሚኖርበት ማድረግም ይቻላል። ከአሮጌ ነጠላ የተረፈ ጥለት መጋረጃ ይሆናል። ከሥሩ ደግሞ ጀበና፣ ወይም በቆርቆሮ የተተከለ ጤና አዳም ከወረቀት ቆርጣችሁ ለጥፉ።

ጽሑፉና መላኩ

«እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገረዎ» የሚለው ከታች በጉልህ ይጻፍ። ውስጥ ግን ልጁ በራሱ አፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምር፦ «አክስቴ፣ ይህ ከእኛ ሳሎን የሚታየው ነው፤ በግራ ያለው ፎቅ አንቺ ከሄድሽ በኋላ የተሠራ ነው» ዓይነት። ፊደሉ ቢጣመም አታርሙት። ከጀርባው የልጁን ስም፣ ዕድሜና ዓመተ ምሕረቱን ጻፉ። ዛሬ ትርፍ ነገር ይመስላል፤ ከዓመታት በኋላ ግን መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው።

ካርዱ ወፈር ስለሚል በፖስታ ለመላክ ካሰባችሁ ቀድማችሁ ፖስታ ቤት ወስዳችሁ አስመዝኑት። ውጭ አገር ላለ ዘመድ በመንገደኛ እጅ ከሆነ በሁለት ደረቅ ካርቶን መካከል አድርጋችሁ ስጡ፤ ሻንጣ ውስጥ አይታጠፍም። ለጎረቤት ግን ልጁ ራሱ ይውሰደው፤ ምርቃቱን በጆሮው ይስማ።

እንግዲህ መቀሱን ከማንሳታችሁ በፊት ለአንድ ሰው ስልክ ደውሉና «ከቤትዎ መስኮት ምን ይታይ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ረዘም ሊል ይችላል፤ ልጆቹም አጠገባችሁ ሆነው ይስሙ።

መልካም አዲስ ዓመት! በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።