ባሮሎን አትቸኩሉበት

“ያን ሁሉ ብር አውጥቼ ባሮሎ ገዛሁ፣ አፌን አደረቀኝ እኮ!” የምትሉኝ በዝታችኋል። ወይኑ ምንም አላጠፋም፤ ገና ልጅ ነው።

ባሮሎ የሚሠራው ሰሜን ጣሊያን፣ ፒዬሞንቴ ውስጥ፣ ነቢዮሎ ከሚባል የወይን ፍሬ ብቻ ነው። ቀለሙ ሳሳ ስለሚል ቀላል ይመስላል። አታላይ ነው! ታኒኑ፣ ማለትም ብዙ የቆየ ሻይ ምላስ ላይ የሚተወው ያ ድርቀት፣ ኃይለኛ ነው። ሕጉ ራሱ ቢያንስ 38 ወር፣ ከዚያ ውስጥ 18ቱን በእንጨት በርሜል ሳይቆይ አይሸጥም ይላል። ለእኔ ይሄም አይበቃም። ጥሩ ዓመት የተመረተውን 10 ዓመት ሳይሞላው ቡሹን መንቀል ገንዘብ ማባከን ነው። ሲቆይ ታኒኑ ይለዝባል፣ ቀለሙ ወደ ሸክላ ይሄዳል፣ የደረቀ ጽጌረዳና የሬንጅ ሽታ ያመጣል (ሬንጅ ስል አትሳቁ፣ ደስ ይላል)።

መጠበቅ ካቃታችሁ ላንጌ ነቢዮሎ ግዙ፤ ፍሬው ያው ነው፣ ዋጋው ይቀላል። ባሮሎውን ከከፈታችሁት ግን ጆግ ውስጥ ገልብጣችሁ ሁለት ሰዓት ያህል አየር ይንካው። ከዚያ ቀስ ብሎ ከበሰለ የበሬ ሥጋ ጋር፤ የሥጋው ፕሮቲን ታኒኑን ይይዝላችኋል። በርበሬ ከበዛበት ወጥ ጋር ግን በፍጹም! ቃጠሎውንም ድርቀቱንም ያብሰዋል። ለዶሮ ወጥማ ጠጅ አለን አይደል?