ቆላን ማማት ይብቃ!

የከተማችን ሰው ስለ አየር ጠባይ ሲከራከር ሁልጊዜ የሚረታባት አንዲት አባባል አለችው። «ብርድ ቢመጣ ትደርባለህ፤ ሙቀት ቢመጣ ግን ቆዳህን ገፈህ አትጥል!» ይላል። ይህን ተናግሮ ሻዩን ፉት ሲል ክርክሩ ያለቀ ይመስለዋል። አድማጩም ራሱን ይነቀንቅለታል። ደጋ ተሾመ፣ ቆላ ተሻረ ማለት ነው። እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም። ቆላ ስንት ዘመን ሲከሰስ ኖረ እንጂ አንድም ቀን «ቃልህን ስጥ» ተብሎ አያውቅም። ዛሬ ጠበቃ ልቆምለት ነው።

«ጠበቃውስ ማነው?» ለሚለኝ አንባቢ፣ የተወለድኩት ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው በደብረ ብርሃን ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ሣሩን እንደ ጨው ሲያነጣው እያየሁ አድጌአለሁ። ኋላም ዐሥራ አንድ ዓመት በታችኛው የአዋሽ ሸለቆ አስተምሬአለሁ። ሁለቱንም የማውቃቸው በቆዳዬ ነው። አብዛኛው ፈራጅ ግን አዲስ አበባ ተቀምጦ፣ ብርዱም ሙቀቱም ልኩን በማያልፍበት አገር ሆኖ ነው የሚፈርደው።

ክርክሩ ስለ ጽንፍና ጽንፍ ከሆነ ደግሞ ጽንፎቹን በስማቸው እንጥራቸው። በአንድ በኩል ዳሎል አለ። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተደረገው ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር። በሌላው በኩል የሳይቤሪያዋ ከተማ ያኩትስክ አለች። በጃንዋሪ አማካዩ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ይጠጋል።

እንግዲህ «ትደርባለህ» የምትለዋን ቃል እንመርምራት። ምን ትደርባለህ? በማን ገንዘብ? ብርድ ዕለት ዕለት የሚከፈል ግብር ነው። ጋቢና ካፖርት ይፈልጋል፤ ማገዶ ይፈልጋል፤ ንፋስ የማያስገባ ግድግዳና ሆድ የሚሞላ እህል ይፈልጋል። በያኩትስክ ከ300,000 በላይ ሕዝብ ይኖራል። የሚኖረው ግን ስለደረበ ብቻ አይደለም። ከሥሩ ያለው ምድር ዓመቱን ሙሉ የበረደ ስለሆነ ሕንጻዎቹ የሚቆሙት በምሰሶ ላይ ነው። ቤቱን የሚያሞቀውም ከማዕከል በቧንቧ የሚላክ ሙቅ ውኃ ነው። ያ ቧንቧ በክረምት ለጥቂት ቀን ቢቋረጥ ከተማይቱ ሰው አይኖርባትም። ስለዚህ በብርድ አገር የሚኖር ሰው በእውነቱ የሚኖረው ብርድ ውስጥ አይደለም፤ በገንዘብ በተገዛ ቆላ ውስጥ ነው!

መግዣ የሌለው ደገኛስ? በሰሜን ሸዋ ከፍታዎች ደኑ ከተመነጠረ ብዙ ዘመን ሆኖታልና የሚነደው ኩበት ነው። ኩበት እሳት ውስጥ ሲገባ ማሳው ማዳበሪያውን ያጣል። ማዳበሪያ ያጣ ማሳ ገብሱን ያቀጭጨዋል። ከዚያ የተረፈችውን ደግሞ ውርጭ ይመታታል። ብርዱ እንዳይገባ መስኮት የተነፈገው ጎጆ ጭሱን ለእናትና ለሕፃን ሳንባ ያካፍላል። ልብስ በላይ በላዩ ሲደረብ፣ ውኃው ቀዝቅዞ ገላ መታጠብ ሲቀር፣ ቅማል ይራባል፤ ከቅማልም ጋር ተስቦና የሚያገረሽ ትኩሳት ይከተላሉ። ይህም ያቺው «ትደርባለህ» ናት፤ ከጀርባዋ ስትታይ።

ወደ ቆዳው እንምጣ። ልብሱን አውልቆ ያለ ሥራ የተቀመጠ ሰው ሳይንቀጠቀጥና ሳያልበው የሚቆየው አየሩ 28 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ነው። ይህ ደግሞ የደጋ አየር አይደለም። ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን የሚደርሱ የላብ ዕጢዎች አሉን። ሰውነታችን ፀጉር አልባ በመሆኑም ላቡ ቶሎ ይተንና ያቀዘቅዘናል። ተፈጥሮ ቆዳ ሳያስገፍፍ የሚያበርድ መሣሪያ አብሮን እንዲወለድ አድርጓል። መሣሪያው የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ ውኃ፣ ጥላና ዕረፍት። ለብርዱ ግን ምን ሰጠን? ፀጉር እንኳ አልሰጠንም፤ ከበግ እንድንዋስ ተወን።

«ወባስ?» ትሉኛላችሁ። ከክሶቹ ሁሉ ከባዱ ይህ ነውና ሸሽቼ አላልፈውም። እ.ኤ.አ. በ1958 በአገራችን የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህሉን እንደ ገደለ ይገመታል። ልብ በሉ፤ ያ ወረርሽኝ እጅግ የበረታው በቆላው ሳይሆን ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባለው፣ በሽታውን ባልለመደው ሕዝብ ላይ ነበር። ወባ የሙቀት ልጅ ብቻ ቢሆን ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1922 እና በ1923 በሩሲያ ሰሜን ጫፍ እስካለችው እስከ አርካንግልስክ ባልደረሰ ነበር። ሆላንድ ከወባ ነጻ መሆኗ የታወጀላት እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። በአንጻሩ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ በ2007፣ ስሪላንካ በ2016፣ ግብፅ በ2024 ወባን ማጥፋታቸው በዓለም ጤና ድርጅት ተመሰከረላቸው። ፀሐያቸው ቀዘቀዘች እንዴ? የቀዘቀዘ ነገር የለም። ረግረጉ ተደፈነ፣ መድኃኒት ተረጨ፣ ሐኪም ቤት ተሠራ። እንግዲያው ወባ የቸልተኝነት እንጂ የቆላ ኃጢአት አይደለም።

ሁለተኛው ክስ ስንፍና ነው። «ሙቀት ሰውን ያሰንፋል» የሚለው ነገር አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ሞንቴስኪዩ እ.ኤ.አ. በ1748 ባሳተመው መጽሐፍ ብርድ ጀግና፣ ሙቀት ደካማ ያደርጋል ብሎ የአውሮፓን ሰሜን አስበለጠ። ከእሱ በፊት በ1377 የቱኒዙ ተወላጅ ኢብን ኻልዱን ብርዱም ሙቀቱም መጥፎ፣ መካከለኛው ምርጥ ነው ብሎ ጻፈ። የራሱ አገር ከመካከለኞቹ መደብ መሆኗ ታዲያ ያጋጣሚ ነው? የኛም ደገኛ እንዲሁ ነው፤ ሚዛኑን የሚያነሣው ራሱ፣ የሚከብደውም የራሱ ሰፈር!

ሰነፍ የተባለውን ቆለኛ እስቲ እንየው። በወጣችን ውስጥ የሚገባው ጨው ስንት ዘመን ከአሳሌ ሲቆፈር፣ አሞሌ ሆኖ ሲቀረጽ፣ በአፋር ግመል ተጭኖ ዳገቱን ሲወጣ ኖሯል። አሞሌ የደጋው ገበያ ገንዘብ ሆኖም አገልግሏል። ሻያችንን የሚያጣፍጠው የመተሐራ ስኳር፣ የውጭ ምንዛሪ የሚያመጣልን የሁመራና የመተማ ሰሊጥ የቆላ ፍሬ ነው። ቆለኛ ቀትር ላይ ጥላ ሥር ጋደም ሲል ያየ ደገኛ «ተኛ!» ይላል። ሰውየው ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ የሥራውን ግማሽ እንደ ጨረሰና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንደሚመለስበት ግን አያይለትም። ያ ዕረፍት ስንፍና ሳይሆን ዕውቀት ነው።

ደንበኛዬ ጥፋት የለበትም አልልም። እርጥበት ያዘለ ሙቀት ክፉ ነው፤ ላብ አይተንበትምና። በእርጥብ ጨርቅ የተሸፈነ ቴርሞሜትር 35 ዲግሪ ሲያሳይ ጤነኛ ሰው ጥላ ሥር ተቀምጦ እንኳ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው የሚቋቋመው። ምድር እየሞቀች በሄደች ቁጥርም ይህ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2003 በጋ በአውሮፓ ከ70,000 የሚበልጥ ሰው በሙቀት ሳቢያ አልቋል። ነገር ግን ሚዛኑ ሁለት ጎን አለው። በ2015 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በ13 አገሮች 74 ሚሊዮን ሞት መርምሮ ከመቶው 7.3 ያህሉን በብርድ፣ 0.4 ያህሉን በሙቀት ሳቢያ አድርጎታል። ከአገሮቹ አንዱም አፍሪካዊ አይደለም፤ ቢሆንም «ብርድ ይደረባል» ለሚሉት መልካም ዜና አይደለም።

ሙቀት የሚገድለውንም ሰው ማንነት እንጠይቅ። ኳታር እ.ኤ.አ. በ2021 ባሻሻለችው ደንብ በበጋው ወራት በኛ አቆጣጠር ከጧቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ደጅ ላይ ሥራ ማሠራትን ከለከለች። የአፋር እረኛ ያለ ደንብ የሚያውቀውን ነገር ለአሠሪዎች በሕግ መንገር አስፈለገ! እንግዲህ ብርድ የሚገድለው ማገዶ መግዣ ያጣውን፣ ሙቀት የሚገድለው ማረፍ የተከለከለውንና ጠያቂ ያጣውን ሽማግሌ ነው። ለድኻ የቱ ይቀላል? ጥላና ዕረፍት በነጻ ይገኛሉ፤ ማገዶ ግን በነጻ አይገኝም። ፍርዴ ለቆላ የሆነው ስለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ለጨዋታ አይደለም። አገርን ማማት ሰውን ወደ መናቅ ይወስዳል። በ1977 ዓ.ም. በተጀመረው ሰፈራ 600,000 ያህል ሕዝብ ከደጋና ከወይና ደጋ ተነሥቶ ወደ መተከል፣ ወደ ጋምቤላና ወደ ሌሎች ቆላዎች ተጫነ። በቂ ሐኪም ቤትና መድኃኒት ቀድሞ አልጠበቀውም፤ ብዙው በወባና በሌላ በሽታ ሞተ። የተረፈውም ሆነ የሞተበት ወገን «የቆላ ነገር!» አለ እንጂ ያለ ዝግጅት የጫነውን እጅ አልከሰሰም። መሬቱም «ባዶ» ተብሎ ነበር። ጉሙዙም አኝዋኩም እዚያው ቁጭ ብሎ ሳለ ባዶ! አየሩን ለኑሮ የማይበቃ ያለ ሰው ነዋሪውን ከሰው አለመቁጠሩ አያስገርምም።

የደጋው እርሻ እየጠበበ፣ አፈሩም እየተሸረሸረ ነው። ልጆቻችን ዛሬም ነገም ቁልቁል መውረዳቸው አይቀርም። ታዲያ ከመውረዳቸው በፊት የውኃ ጉድጓዱ ይቆፈር፤ አጎበሩና መድኃኒቱ ይቅደም፤ ዛፍ ይተከል፤ የአገሩም ባለቤት ይጠየቅ። ብርድ ለሚወድ ሰው ብርዱን ይባርክለት፤ ጋቢውንም ያሙቅለት። ቆላን ግን ስኳሩን እየላሰ አይማብኝ!