የይዲሽ ጥናት ለመቐለ ተመራቂ ምኑ ነው?

"የጀርመንና የይዲሽ ጥናት" ሲባል ለእኛ ተማሪ ምን ይፈይዳል የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ከመቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጋር በቀጥታ ይገናኛል እላለሁ።

ይዲሽ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ ነው፤ ከጀርመንኛ ተወልዶ በዕብራይስጥ ፊደል ይጻፋል። ከመቶ ዓመት በፊት በኒውዮርክ ልብስ ፋብሪካዎች ይሠሩ ከነበሩ ወጣት ሴቶች ብዙዎቹ የሚያወሩት በዚሁ ቋንቋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1909 ክላራ ሌምሊክ የተባለች ልብስ ሰፊ ስብሰባ ላይ ተነሥታ በይዲሽ ተናገረች፤ ከ20 ሺህ በላይ ሠራተኛ ሥራ አቆመ። በ1911 በትራያንግል ሸሚዝ ፋብሪካ እሳት ተነሥቶ 146 ሰው ሞተ፤ አንዱ መውጫ በር ተቆልፎ ነበር።

በ1925 ቪልና ላይ የተመሠረተው ዪቮ የተባለ የይዲሽ ጥናት ተቋም ደግሞ ምሁራንን ብቻ አልጠበቀም። በየከተማው በጎ ፈቃደኛ ሰብሳቢዎች ነበሩት። በ1930ዎቹ በሦስት ውድድሮች ወጣቶች የሕይወት ታሪካቸውን እንዲጽፉ ጋበዘ፤ ከ600 በላይ ጽሑፍ ደረሰው። ብዙም ሳይቆይ ናዚዎች ያንን ሕዝብ ፈጁት። የተረፉት ጽሑፎች ባይኖሩ ስለ እነዚያ ወጣቶች የሚቀረን የሟቾች ቁጥር ብቻ ነበር።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። ፓርኩ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ጥቅምት 2013 ጦርነቱ ተጀመረ። በ2014 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች። ጥቅምት 2015 የፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ። ይህን የቀን ዝርዝር ማንም ያገኘዋል። አንዲት ልብስ ሰፊ የመጀመሪያ ደመወዟን ለማን እንደሰጠች፣ ማሽኑ ሲቆም በምን እንደኖረች ግን እሷ ካልነገረችን ከየት ይገኛል?

ስለዚህ ሐሳቤ ቀላል ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ "የእንትን ተጽዕኖ በእንትን ላይ" የሚል መጠይቅ ከሚበትን፣ ጥቂቶቹ አንድ አንድ ሠራተኛ ይዘው ሙሉ ታሪኳን በትግርኛ፣ በራሷ አነጋገር ይቅዱ። ፈቃዷ ይጠየቅ፣ ስሟ ይቀየር፣ ቅጂው ቤተ መጻሕፍት ይግባ።

"በጀት የለም፣ አማካሪው አርባ ተማሪ ይዟል" ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ግን የሚያስፈልገው ስልክ፣ ጥሩ ጥያቄና ትዕግሥት ነው። ፓርኩም እዚሁ ከተማው ውስጥ ነው። "አንድ ሰው ናሙና አይሆንም" የሚለውም ልክ ነው፤ አንድ ክፍል ተማሪ በየዓመቱ ሲሰበስብ ግን በአምስት ዓመት ማኅደር ይሆናል።

በ1906 የጀርመን ቡድን አክሱምን አጥንቶ በ1913 አራት ቅጽ አሳተመ። ያንን በቀጥታ ለማንበብ ዛሬም ጀርመንኛ ማወቅ አለብን። የእነዚህን ሴቶች ታሪክ የልጅ ልጆቻቸው በማን ቋንቋ እንዲያነቡት ነው የምንፈልገው? መልሱ ያለው ዘንድሮ ርዕስ በሚመርጡ ተማሪዎችና ርዕሱን በሚያጸድቁ መምህራን እጅ ነው።