የነዳጅ ዘይት ኩባንያ የዕዳውን ወለድ ለመክፈል ያለው ዐቅም በምን ይመዘናል?

ኦክሲደንታል የተባለው የአሜሪካ የነዳጅ ዘይት ኩባንያ የኬሚካል ፋብሪካዎቹን በ9.7 ቢሊዮን ዶላር ለበርክሻየር ሃታዌይ ለመሸጥ መዋዋሉን በኦክቶበር 2025 አስታወቀ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከሽያጩም ገንዘብ 6.5 ቢሊዮኑ ለዕዳ መክፈያ እንዲውል መወሰኑን በዚያው ጊዜ ገለጠ። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ አንድ ንብረት ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ መተላለፉ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን አበዳሪንም፣ ነጋዴንም፣ የመንግሥት ሹምንም የሚመለከት አንድ ጥያቄ ያስነሣል፤ ይኸውም ባለዕዳ ወለዱን ለማቃለል ሲል ገቢ የሚያስገኝለትን ንብረት ቢሸጥ ዐቅሙ ይጠነክራልን ወይስ ይደክማል? የሚለው ነው።

ለዚህ መልስ ለመስጠት ወደ 2020 መለስ ብሎ መመልከት ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ኦክሲደንታል ከ38 ቢሊዮን ዶላር የሚበልጥ የረጅም ጊዜ ዕዳ ነበረበት። ቼሳፒክ የተባለው ሌላው የአሜሪካ ዘይትና ጋዝ አውጪ ኩባንያ ግን ዕዳው ወደ 9 ቢሊዮን ዶላር ብቻ ስለ ነበረ የፊተኛውን ሩብ እንኳ አይሞላም ነበር። በዕዳ ብዛት ብቻ የሚፈርድ ሰው ቢኖር አስቀድሞ የሚወድቀው ኦክሲደንታል ነው ባለ ነበር። የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ቼሳፒክ በጁን 15 ቀን መክፈል ይገባው የነበረውን 13.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወለድ ሳይከፍል ቀረ፤ በዚያው ወር በ28 ቀን የኪሳራ ጥበቃ እንዲሰጠው ለፍርድ ቤት አመለከተ። ኦክሲደንታል በበኩሉ በዚያ ዓመት ከ14 ቢሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ በመዝገቡ አስፍሮ ሳለ የቦንዱን ወለድ እየከፈለ ዓመቱን አሳለፈ።

የኦክሲደንታል ዕዳ የበዛው በአንድ ታላቅ ግዥ ምክንያት ነው። በ2019 ሼቭሮን አናዳርኮ የተባለውን ኩባንያ በ33 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማምቶ ሳለ፣ ኦክሲደንታል ዋጋ ጨምሮ በ38 ቢሊዮን ዶላር ያህል ወሰደው፤ የአናዳርኮም የራሱ ዕዳ በዚያ ላይ ተደመረ። ለግዥው በዚያን ጊዜ የበርክሻየር መሪ የነበሩት ሚስተር ዋረን በፌት 10 ቢሊዮን ዶላር አቀረቡ፤ በምላሹም በየዓመቱ 8 በመቶ፣ ማለት 800 ሚሊዮን ዶላር የሚከፈልበት የቅድሚያ መብት ያለው አክሲዮን ተሰጣቸው። ሚስተር ካርል አይካን የተባሉት ባለ አክሲዮን ዋጋው ከመጠን ያለፈ ነው ሲሉ በብርቱ ተቃወሙ። የኩባንያው ዋና ዲሬክተር ወይዘሮ ቪኪ ሆለብ ግን በቴክሳስና በኒው ሜክሲኮ የሚገኘው የፐርሚያን የዘይት ምድር ለወደ ፊቱ ዋስትና ነው በማለት በሐሳባቸው ጸኑ። ግዥው በኦገስት 2019 ተፈጸመ፤ ሰባት ወር ሳይሞላም የዘይት ዋጋ ወደቀ።

ወለድ የመክፈል ዐቅም በመጀመሪያ የሚመዘነው፣ ሥራው ያስገኘው ገቢ የዓመቱን ወለድ ስንት ጊዜ እጥፍ አድርጎ ሊሸፍን እንደሚችል በማስላት ነው። ገቢው ከወለዱ ጋር እኩል ከሆነ ባለዕዳው በገደል አፋፍ ቆሟል ማለት ነው፤ ሦስትና አራት ጊዜ የሚሸፍን ከሆነ ግን አበዳሪው እንቅልፍ ይተኛል። ሆኖም በዚህ ስሌት ውስጥ የሚገባው ገቢ በመዝገብ የተጻፈው ትርፍ ነው ወይስ በካዝና የገባው ጥሬ ገንዘብ? የሚለው ተለይቶ መታወቅ አለበት። አንድ ነጋዴ በ1,000,000 ብር የገዛው የጭነት መኪና ዋጋው ወደ 600,000 ብር ቢወርድ በመዝገቡ 400,000 ብር ኪሳራ ይጽፋል። መኪናው ግን ዕቃ ማመላለሱን አላቋረጠም፤ የጭነቱም ኪራይ በየሳምንቱ ይገባል። ለአበዳሪው የሚከፈለው ከዚህ ኪራይ እንጂ ከመኪናው የመዝገብ ዋጋ አይደለም።

በኦክሲደንታልም የታየው ይኸው ነው። በ2020 ከጻፈው ኪሳራ አብዛኛው የዘይት ጉድጓዶቹና የመሬቶቹ የመዝገብ ዋጋ በመቀነሱ የመጣ ነበር፤ በሁለተኛው ሩብ ዓመት ብቻ የተቀነሰው ከ6 ቢሊዮን ዶላር ይበልጣል። ከካዝናው ወጥቶ የሄደ ገንዘብ ግን አልነበረም። እንዲያውም በዚያ ክፉ ዓመት ወለዱ ከተከፈለ በኋላ ሥራው ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ጥሬ ገንዘብ አስገኝቷል። ወለዱ ወደ 1.4 ቢሊዮን ዶላር ስለ ነበረ፣ ሁለቱ ሲደመሩ ከወለድ በፊት ወደ 5.4 ቢሊዮን ዶላር ተገኝቷል ማለት ነው፤ ይህም ወለዱን አራት ጊዜ ለመሸፈን ጥቂት ብቻ ይጎድለዋል።

ይሁን እንጂ በዚህ ቁጥር ብቻ ተደስቶ መቅረት አይገባም። የዘይት ጉድጓድ እንደ ውሃ ምንጭ አይደለም፤ በተለይ ከሼል ድንጋይ የሚወጣው ዘይት በመጀመሪያው ዓመት በብዛት ፈልቆ ከዚያ በኋላ በፍጥነት እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ኩባንያው አዲስ ጉድጓድ ለመቆፈር በየዓመቱ ገንዘብ ካላወጣ የነገ ገቢው ይነጥፋል። ኦክሲደንታል በ2020 ለዚህ ተግባር ያወጣው፣ አስቀድሞ ካሰበው ግማሽ ያህል ቀንሶ፣ ወደ 2.5 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ይህ ወጪ ሲነሣ የቀረው ገንዘብ ወለዱን የሚሸፍነው ሁለት ጊዜ ብቻ ሆነ። አራት የነበረው ወደ ሁለት መውረዱ፣ የኩባንያው ዐቅም በወሬ ከሚነገረው የኪሳራ ብዛት የተሻለ፣ በሒሳብ ሰዎች ዘንድ ከሚታየው የመጀመሪያ ስሌት ግን የደከመ መሆኑን ያስረዳል።

ቼሳፒክ በዚሁ ሚዛን ሲመዘን ውድቀቱ ድንገተኛ አለመሆኑ ይታወቃል። የተፈጥሮ ጋዝ ዋጋ ለብዙ ዓመት ዝቅ ብሎ በመቆየቱ፣ ገና ወረርሽኙ ሳይመጣ በ2019 እንኳ ለቁፋሮና ለመሣሪያ ያወጣው ገንዘብ ሥራው ካስገኘው ጥሬ ገንዘብ ይበልጥ ነበር። ስለዚህ ወለዱን በሌላ ብድር ወይም በንብረት ሽያጭ ይከፍል ነበር ማለት ነው። በዚያው ዓመት በኖቬምበር፣ ዋጋው ዝቅ እንዳለ ከቀጠለ ሥራውን ለመቀጠል መቻሉ እንደሚያጠራጥር ኩባንያው ራሱ ገልጦ ነበር። ዕዳ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነውና፣ 13.5 ሚሊዮን ዶላር ያን ታላቅ ኩባንያ አልጣለውም፤ የጣለው ከዚያ በፊት በየዓመቱ ሳይሞላ የቀረው ጉድለት ነው።

ሁለተኛው ሚዛን የዋጋ ጉዳይ ነው። ጨርቅ ነጋዴ ገበያ ሲቀዘቅዝ ሸቀጡን ለጊዜው በመጋዘን ሊያስቀምጥ ይችላል። ዘይት አውጪ ግን ዋጋውን ራሱ አይወስንም፤ ማከማቻም ሲሞላ መድረሻ ያጣል። በኤፕሪል 20 ቀን 2020 በኒው ዮርክ ገበያ ለሜይ ወር የሚረከቡት የአሜሪካ ዘይት ከዜሮ በታች ወርዶ በርሜሉ በ37.63 ዶላር ጉድለት ተዘጋ፤ ሻጩ ለገዢው ገንዘብ ጨምሮ ዘይቱን አስረከበ ማለት ነው። ኦክሲደንታል ለዚህ ዓይነቱ ቀን በቀን ለ350,000 በርሜል የዋጋ መድን አስቀድሞ ተዋውሎ ነበር፤ መድኑ ግን በልክ የተወሰነ በመሆኑ ጉዳቱን አቃለለ እንጂ አላስቀረም። ስለዚህ አበዳሪ መጠየቅ ያለበት ዘይት በ80 ዶላር ሲሸጥ ወለዱ ስንት ጊዜ ይሸፈናል? ብሎ ሳይሆን፣ በ40 ዶላር ሲሸጥስ? ብሎ ነው።

ሦስተኛው ሚዛን የዕዳው መክፈያ ቀን ነው። ወለድ ለመክፈል የሚችል ሰው ዋናው ዕዳ ባንድ ጊዜ ቢጠየቅ ላይችል ይችላል። ኦክሲደንታል በቅርብ ዓመቶች የሚደርስበትን ዕዳ ወደ ፊት ለመግፋት በጁላይ 2020 የ2 ቢሊዮን ዶላር አዲስ ቦንድ ሸጠ። የታማኝነት ደረጃው በዚያ ዓመት ዝቅ ብሎ ስለ ነበረ ወለዱ ከ8 እስከ 8.875 በመቶ ሆነበት። ጊዜ የተገዛው እንግዲህ በውድ ዋጋ ነው። ሆኖም ጊዜ ለመግዛት ገበያ የተከፈተለትና የተዘጋበት ባለዕዳ ዕድላቸው አንድ አይደለም።

አራተኛው ሚዛን የተራ ጉዳይ ነው፤ ከአበዳሪው ኋላ የቆመው ማነው? ምን ያህልስ ሊታገሥ ይችላል? ኦክሲደንታል በማርች 2020 ለባለ አክሲዮኖች በየሩብ ዓመቱ ይከፍል የነበረውን የትርፍ ድርሻ ከ79 ሳንቲም ወደ 11 ሳንቲም፣ በሜይም ወደ 1 ሳንቲም አወረደው። በዚህም በዓመት ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ በካዝናው ቀረ። ለሚስተር በፌት ኩባንያ በኤፕሪል መክፈል የነበረበትን 200 ሚሊዮን ዶላር በገንዘብ ፈንታ በአክሲዮን ከፈለ። ስለዚህ የወለዱ ከባድ ሸክም በመጨረሻ የወደቀው በአበዳሪዎች ላይ ሳይሆን የትርፍ ድርሻቸውን ሲጠብቁ በነበሩት ባለ አክሲዮኖች ላይ ነው።

ከዚህ ሁሉ ጋር አፍሪካን የሚነካ አንድ ነገር አለ። ኦክሲደንታል ዕዳውን ለማቃለል የአናዳርኮን የአፍሪካ ንብረቶች፣ ማለት በአልጄሪያ፣ በጋና፣ በሞዛምቢክና በደቡብ አፍሪካ የሚገኙትን፣ ቶታል ለተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በ8.8 ቢሊዮን ዶላር ለመሸጥ ተዋውሎ ነበር። የሞዛምቢኩና የደቡብ አፍሪካው ሽያጭ ተፈጸመ፤ የአልጄሪያ መንግሥት ግን አልፈቀደም። የጋናው ሽያጭ ከአልጄሪያው ጋር የተያያዘ ስለ ነበረ እርሱም በ2020 ፈረሰ፤ የጋናው ንብረት ለሌሎች ገዢዎች በ750 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠው በ2021 ነው። በወረቀት ላይ ያለ ሽያጭ የባለ አገሩ መንግሥት ፈቃድ እስኪጨመርበት ድረስ የዕዳ መክፈያ ሆኖ ሊቆጠር እንደማይገባ ይህ ያስረዳል።

በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን በወረረች ጊዜ የዘይት ዋጋ ከ100 ዶላር በላይ ወጣ። ኦክሲደንታል በዚያ አንድ ዓመት ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ከፈለ፤ በ2023ም የታማኝነት ደረጃው ተመለሰለት። ከዚህ የተነሣ የ2019ኙ ግዥ ትክክል ነበር የሚሉ አልጠፉም። ነገር ግን ጦርነት ያመጣውን የዋጋ ንረት በ2019 ማንም አስቀድሞ ሊቆጥረው አይችልም ነበር፤ በዕድል የዳነ ሰው በጥበብ ዳነ አይባልም። ኩባንያው ራሱ ጥቂት እንደ ተነፈሰ በዲሴምበር 2023 ክራውንሮክ የተባለውን ኩባንያ በ12 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተዋውሎ እንደ ገና አዲስ ዕዳ አመጣ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መመለስ ይቻላል። በ6.5 ቢሊዮን ዶላር ላይ 6 በመቶ ወለድ ቢታሰብ፣ ዕዳው በመከፈሉ በዓመት 390 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወለድ ይቀራል። የተሸጠው የኬሚካል ክፍል ግን ዘይት በወደቀበት በ2020 እንኳ ከግብር በፊት ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ አትርፎ ነበር፤ በ2022 ትርፉ ከ2 ቢሊዮን በልጧል። እርግጥ ነው፣ ፋብሪካ ጥገናና ማስፋፊያ ይፈልጋል፤ ግብርም አለበት፤ ስለዚህ ትርፉ ሁሉ ለወለድ የሚተርፍ አይደለም። ቢሆንም በክፉ ዓመት ወለዱ ቢያንስም፣ ከወለድ በኋላ በእጅ የሚቀረው ገንዘብ በዚህ ሽያጭ አይበዛም፤ ምናልባትም ያንሳል። የሽያጩ እውነተኛ ጥቅም በሦስተኛው ሚዛን ላይ ይገኛል። የዋናው ዕዳ መጠን ከ15 ቢሊዮን ዶላር በታች ሲወርድ፣ ኩባንያው በክፉ ቀን ወደ ገበያ ወጥቶ በ8 በመቶ ወለድ ጊዜ ለመግዛት የሚገደድበት ምክንያት ይቀንሳል።

ስለዚህ ፍርዱ እንዲህ ነው፤ ሸክሙ ቀልሏል፣ ተሸካሚው ግን ከሁለት እግሩ አንዱን ሰጥቶ በዘይት ዋጋ ብቻ ቆሟል። የቀረው ዕዳ ወለድ በአማካይ ዋጋ የሚያሠጋ አይደለም። የሚያሠጋው ዋጋው እንደ ገና በወጣ ጊዜ ሌላ ታላቅ ግዥ በብድር የመፈጸም ፈተና ነው፤ ምክንያቱም ቀደም ሲል በተሸጠው ንብረት ሁለተኛ ጊዜ ዕዳ መክፈል አይቻልምና።

ዕቃውን በዱቤ ለሚሰጥ ነጋዴም ሆነ ከዘይት ኩባንያ ጋር ውል ለሚፈርም ሹም የነገሩ ፍሬ አንድ ነው። የባለዕዳውን ትልቅነት ወይም የመልካሙን ዓመት ትርፉን አይቶ ከማመን ይልቅ፣ በክፉ ዓመት በካዝናው ምን ቀረ? የመክፈያው ቀን መቼ ነው? ከአበዳሪው በፊት የሚታገሥስ ማነው? ብሎ መጠየቅ ይገባል። ቼሳፒክን ያበደሩት ሰዎች እነዚህን ጥያቄዎች በጊዜው ጠይቀው ቢሆን ኖሮ፣ መልሱን ከፍርድ ቤት ደጅ ባልጠበቁ ነበር።