ሳይፈተን የተገዛ ካሜራ ሌባ አይዝም፤ ጎረቤት ያስይዛል



እንደምታውቁት ካለፈው ክረምት ወዲህ በሠፈራችን ሌብነት በርትቷል። የውሃ ቆጣሪ ተነቅሏል፣ የሱቅ ቁልፍ ተሰብሯል፣ እናቶች በማለዳ ሲወጡ ቦርሳቸውን ተቀምተዋል። ይህን የሚክድ የለም። ስለዚህም ባለፈው ስብሰባ ካሜራ ይተከል የሚለው ሐሳብ ሲነሣ እኔም እጄን አውጥቻለሁ። አሁን ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይዞ መጣ። ሻጩ፣ ካሜራውን ብቻውን ብትተክሉት ምን ይጠቅማችኋል፣ ፊት እየለየ ሌባውን የሚናገር ሶፍትዌር አብራችሁ ግዙ ይለናል። ከኮሚቴውም ግማሹ ገንዘቡ ከማኅበሩ ካዝና ይውጣ ብሏል። እኔ በዚህ አልስማማም። የማልስማማበትን ምክንያት በጓዳ ሳይሆን በዚህ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው፣ ገንዘቡ የሁላችን ስለሆነ፣ የሚመዘገበውም ፊት የሁላችን ስለሆነ ነው።

"ጸሐፊው ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፣ ስለ ኮምፒዩተር ምን ያውቃል?" የሚሉ እንዳሉ ሰምቻለሁ። እውነት ነው፣ አላለፍኩም። ግን ገበያ ወጥቶ እህል የሚሸምት ሰው ሚዛኑን ለመፈተሽ ዲግሪ ይጠይቁታል እንዴ? የማላውቀውን ደግሞ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር የምትማር የጎረቤት ልጅ አንብባ አስረድታኛለች።

ሶፍትዌሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። ካሜራው ያነሣውን ፊት በቁጥር ይለውጠዋል። ከዚያ ቁጥሩን ቀድሞ ከተመዘገቡት ፊቶች ቁጥር ጋር ያስተያያል። "ይህ ሰው እገሌ ነው" ብሎ አያውቅም፤ "ይህን ያህል ይመሳሰላሉ" ብቻ ነው የሚለው። ስንት ሲመሳሰሉ ይጩህ የሚለውን የሚወስነው ሰው ነው። ሲያጠብቁት ሌባውም ሳይታወቅ ያልፋል፤ ሲያላሉት ንጹሑም ይያዛል። ሻጩን የት ላይ እንዳደረገው ጠየቅነው። "ኩባንያው አስተካክሎታል" አለ። ይሄ መልስ ነው?

ደግሞ ያ በቢሮ ያሳየን ነገር! አምስት የኮሚቴ አባላት በብርሃን ቀጥ ብለን ቆምን፣ ፎቶ አነሣን፣ ወዲያው ስማችን በአረንጓዴ ወጣ፣ ሰውም አጨበጨበ። እናንተዬ፣ እሱ እኮ ፈተና አይደለም፣ ትያትር ነው። ለፋይዳ ስንመዘገብ ትዝ ይበላችሁ፤ ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ ወደ መሣሪያው ቀጥ ብለን እያየን ነው የተነሣነው። በዚያም ላይ የአሥር ጣት አሻራና የዓይን አሻራ ተጨምሮበታል። በፊት ብቻ አልተማመኑም ማለት ነው። የእኛ ካሜራ ግን በመብራት ምሰሶ ላይ ከፍ ብሎ የሚሰቀል ነው። ከዚያ ላይ ሆኖ የሚያየው አናት ነው። እናቶች ነጠላቸውን ተከናንበዋል፣ እህቶች ሒጃብ ለብሰዋል፣ አባቶች ለማለዳው ብርድ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበዋል። ሌባውስ ቢሆን ኮፍያውን ደፍቶ በጨለማ ነው የሚመጣ። መብራት በጠፋ ሌሊትስ?

"99 በመቶ ትክክል ነው" ይላል ወረቀቱ። በማን ላይ ተፈትኖ? በየት አገር? በቀን ወይስ በሌሊት? ይህ አልተጻፈም። እስቲ ቁጥሩን እንመነውና እናስላው። በዋናው መግቢያችን በቀን 2 ሺህ ሰው ያልፋል እንበል። ከመቶ አንዱን በስሕተት "ሌባ" ቢል በቀን 20 ሰው፣ በወር 600 ሰው በሐሰት ይጮህበታል። ከሺህ አንዱን ብቻ ቢሳሳት እንኳ በወር 60 ንጹሕ ሰው ነው። ሌባው በወር ሦስት ጊዜ ቢመጣና ሦስቱንም ጊዜ ቢያገኘው፣ ለሦስት እውነት 60 ሐሰት ማለት ነው። እንዲህ የሚጮህ ውሻ ቢኖረን ምን እንደምናደርገው ታውቃላችሁ።

ይህ የጸሐፊው ምቀኝነት እንዳይመስላችሁ የውጭውን ልጨምር። የአሜሪካ መንግሥት የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 የ189 ሶፍትዌሮችን ፈተና ውጤት አወጣ። ሁለት የተለያዩ ሰዎችን "አንድ ናቸው" ብሎ መሳሳት በአፍሪካና በእስያ ሰዎች ላይ፣ እንደ ሶፍትዌሩ ዓይነት፣ ከነጮቹ ከ10 እስከ 100 እጥፍ በዝቶ ተገኘ። በጥሩ ፎቶ እንኳ ስሕተቱ የበዛባቸው የምዕራብና የምሥራቅ አፍሪካ እንዲሁም የምሥራቅ እስያ ሰዎች ናቸው። ምሥራቅ አፍሪካ ማለት ደግሞ እኛ ነን። ቻይና ውስጥ የተሠሩ አንዳንዶቹ ግን በምሥራቅ እስያ ሰዎች ላይ ብዙም አልተሳሳቱም። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ማሽኑ የሚያውቀው የለመደውን ፊት ነው። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር ሆና ሦስት ሶፍትዌሮች ወንድና ሴትን ከፊት ሲለዩ መርምራ ነበር። ነጭ ወንዶች ላይ ስሕተቱ ቢበዛ ከመቶ 0.8 ሲሆን፣ ጥቁር ሴቶች ላይ በአንደኛው ሶፍትዌር 34.7 ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ሶፍትዌሮቹ ተሻሽለዋል፣ አልክድም። እኛ ሊሸጥልን የመጣው ከተሻሻሉት ይሁን ካልተሻሻሉት ግን ማን አየ?

"ቢሳሳትስ ምን አለበት፣ ተጣርቶ ይለቀቃል" ያለኝ ጎረቤት አለ። እ.ኤ.አ. በጥር 2020 በአሜሪካ ዲትሮይት ከተማ አቅራቢያ አንድ ጥቁር ሰው በሚስቱና በልጆቹ ፊት በካቴና ታሰረ። ሶፍትዌሩ የሱቅ ካሜራ ያነሣውን የደበዘዘ ፎቶ ከመንጃ ፈቃዱ ፎቶ ጋር አገናኝቶት ነበር። ሰዓት ሰርቋል ተብሎ 30 ሰዓት ያህል ቆየ። ሌባው እሱ አልነበረም።

ዲትሮይት ሩቅ ነው ካላችሁ የቤቴን ልንገራችሁ። የገዛ ታናሽ ወንድሜ ከዓመታት በፊት በገበያ መሐል "እሱ ነው!" ተባለ። አንድ ሰው ጮኸ፣ ሕዝቡ ተሰበሰበ፣ ማን ነህ ብሎ የጠየቀው የለም። እውነተኛው ሌባ በሦስተኛው ቀን ተያዘ። የጮኸው ሰው ሽማግሌ ይዞ፣ ድንጋይ ተሸክሞ፣ እያለቀሰ ይቅርታ ጠየቀን፤ ታረቅን። ወንድሜ ግን በግራ ጆሮው እስከ ዛሬ አይሰማም። ያ የሰው ዓይን ስሕተት ነው። ማሽኑ ሲሳሳት ድንጋይ ተሸክሞ የሚመጣው ማን ነው? ሻጩ ነው? ኮሚቴው ነው? ሰው ደግሞ "አየሁት" ሲል የሚጠራጠረው ይኖራል፤ "ኮምፒዩተሩ አለ" ሲባል ግን ሁሉም ያምናል። አደጋው እዚህ ላይ ነው።

ሌላም አለ። ሶፍትዌሩ እንዲሠራ የሠፈሩ ሰው ፊት በሙሉ ከነስሙ በአንድ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ማን መቼ እንደወጣ፣ ማን ከማን ጋር እንደገባ ይጻፋል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲገባና እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ እንዴት እንደተዘረፈ የወልድያ ሰው ይነገረው? ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ሳጥን ቢኖረን ኖሮ በማን እጅ ይወድቅ ነበር? በአዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት እንኳ፣ ያን ያህል ጥበቃ እያለው፣ የደኅንነት ካሜራዎቹን ምስል የኮምፒዩተር ሌቦች እንደወሰዱበት ሮይተርስ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ዘግቧል። እኛ ሳጥኑን በምን እንጠብቀዋለን፣ በአንድ ቁልፍ?

ሕጉም ዝም አላለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከሰው አካል የሚወሰድን መለያ በልዩ ጥንቃቄ ከሚያዙት መረጃዎች ይመድበዋል። የተቆጣጣሪነቱም ሥልጣን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አምስት የኮሚቴ ሰዎች እጅ ስላወጡ የሺህ ሰው ፊት አይመዘገብም። የሕፃናቱንስ ፊት ማን ፈቀደ?

እንግዲህ ተቃውሞ ብቻ እንዳይሆን ሐሳቤን አቀርባለሁ።

1ኛ/ ገንዘቡ መጀመሪያ ለመንገድ መብራትና ለሌሊት ጥበቃዎች ደመወዝ ይዋል። ጨለማ ባለበት ካሜራም ዕውር ነው።

2ኛ/ ካሜራ ከተተከለ ፊት የማይለይ ተራ ካሜራ ይሁን፤ በሁለቱ መግቢያዎች ብቻ፣ ወደ ማንም ግቢ ሳያይ። ምስሉ በ15 ቀን ይጥፋ። ቁልፉ በሦስት ሰው እጅ ይሁን፣ አንዷ ሴት ትሁን፤ ሦስቱ ካልተገኙ አይከፈት።

3ኛ/ ሻጩ ሶፍትዌሬ ደኅና ነው ካለ ያለ ክፍያ 30 ቀን በእኛ ምሰሶ ላይ ይፈተን። ፈቅደው የሚመዘገቡ ሃምሳ ሰዎች፣ ሴትም ወንድም፣ ሽማግሌም ወጣትም፣ በነጠላቸውና በጋቢያቸው፣ በቀንም በሌሊትም ይለፉ። በሐሰት የጮኸበትም ሳያውቅ ያሳለፈውም እያንዳንዱ በደብተር ይጻፍ፣ ውጤቱም በዚህ ሰሌዳ ይለጠፍ። ሲያበቃ የሁሉም ፊት ይደምሰስ። የሚኮራበት ዕቃ ያለው ነጋዴ ይህን አይፈራም።

4ኛ/ ምንም ይገዛ ምን፣ በማሽን ቃል ብቻ ማንም ሰው አይነካም፣ አይያዝም፣ ስሙ አይነሣም። ይህ በቃለ ጉባኤ ይስፈር።

በመጪው እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት በተለመደው ቦታችን ድምፅ ይሰጣል። አባቶች፣ እናቶች፣ ወጣቶች፣ ተከራዮችም ጭምር ኑ። የሚቃወመኝም ይምጣ፤ ፊት ለፊት ይናገር፣ እሰማለሁ። ቤቱ ተቀምጦ በኋላ የሚያማ ግን ድርሻውን አልተወጣም።

ሳንፈትን አንገዛም!
በማሽን ቃል ጎረቤት አንከስም!

የማኅበሩ ጸሐፊ